ከከሳሽ መንፈስ ወደ ታዛዥ ጀግና፦ የጃፓን የታሪክ ሰዎች በዘመናዊው የመዝናኛ ባህል

መግቢያ

በቶክዮ ከተማ፣ ኦቴማቺ በሚባለው የባንኮችና የታላላቅ ኩባንያዎች ሰፈር፣ በረጃጅም ሕንፃዎች ተከብባ የቆመች አንዲት አነስተኛ የመታሰቢያ ስፍራ አለች። በ940 የተገደለው ዓመፀኛ የታይራ ኖ ማሳካዶ ራስ የተቀበረው በዚያ ነው ተብሎ ይታመናል። የመሬት ዋጋ እጅግ ውድ በሆነበት በዚህ አካባቢ ስፍራዋ ለግንባታ ሳትውል የቆየችው፣ ሰዎች ለማሳካዶ መንፈስ ካላቸው ፍርሃትና አክብሮት የተነሣ ነው። ከዚያ ብዙም በማይርቀው በአኪሃባራ የኤሌክትሮኒክስና የአኒሜ ገበያ ደግሞ የታሪክ ሰዎች መናፍስት የቪዲዮ ጨዋታና የማንጋ ገጸ ባሕርያት ሆነው ይሸጣሉ።

አንድ የታሪክ ሰው በሞተ በሺህ ዓመቱ በአንድ በኩል የሚፈራ መንፈስ፣ በሌላ በኩል የሚሸጥ ገጸ ባሕርይ የሚሆነው እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ የመዝናኛው ኢንዱስትሪ ለገበያ ሲል ታሪክን ያጣምማል የሚል ነው። መልሱ ግን ከፊሉን ብቻ ያስረዳል። የታሪክን ሰው ወደ መንፈስ መለወጥ በጃፓን ማንጋና የቪዲዮ ጨዋታ ከመምጣታቸው ከሺህ ዓመት በፊት በቤተ መንግሥት የተጀመረ፣ የራሱ ሥርዓትና ደረጃዎች ያሉት ልማድ ነው። ዘመናዊው ባህል ይህን ልማድ ወርሷል፤ የለወጠው መንፈሱ ከሕያዋን ጋር ያለውን ግንኙነት ነው። ቀድሞ ገዢዎች ይቅርታ የሚለምኑት ከሳሽ የነበረው መንፈስ፣ ዛሬ ተጫዋቹ የሚያዝዘው አገልጋይ እየሆነ መጥቷል። ይህ ጽሑፍ የለውጡን ሂደት በጥቂት የታሪክ ሰዎች አማካይነት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በግፍ የሞተ ሰው

የልማዱ መነሻ በጃፓንኛ ጎርዮ የሚባለው እምነት ነው። ቃሉ «ክቡር መንፈስ» እንደማለት ሲሆን፣ ከፍ ያለ ማዕረግ ኖሮት በሐሰት ክስ፣ በግዞት ወይም በፖለቲካ ሴራ ለሞተ ሰው መንፈስ የሚሰጥ ስም ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ቂሙን ይዞ ስለሚሞት ዕረፍት አያገኝም፤ ቂሙም በወረርሽኝ፣ በድርቅ፣ በመብረቅና በከሳሾቹ ድንገተኛ ሞት ይገለጣል ተብሎ ይታመን ነበር።

ቀደም ካሉት ምሳሌዎች አንዱ ልዑል ሳዋራ ነው። ሳዋራ የንጉሠ ነገሥት ካንሙ ታናሽ ወንድምና አልጋ ወራሽ ነበር። በ785 የአዲሱን መናገሻ የናጋኦካን ግንባታ ይመራ የነበረው ፉጂዋራ ኖ ታኔትሱጉ በቀስት ተገደለ፤ ሳዋራም የሴራው ተካፋይ ነው ተብሎ ተያዘ። እህል ሳይቀምስ ወደ አዋጂ ደሴት ሲጋዝም በመንገድ ላይ ሞተ። በተከታዮቹ ዓመታት የንጉሠ ነገሥቱ እናትና እቴጌይቱ አረፉ፣ ወረርሽኝ ተነሣ፣ አዲሱ አልጋ ወራሽም ታመመ። በ792 የቤተ መንግሥቱ ምልክት ተርጓሚዎች የሕመሙ ምክንያት የሳዋራ ቂም መሆኑን ተናገሩ። ካንሙም በ800 ለሟች ወንድሙ የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ሰጠው። በሕይወቱ አንድ ቀን እንኳ ያልነገሠ ሰው በሞተ በ15 ዓመቱ የንጉሥ ስም አገኘ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ በኋላ ዘመን የሚደጋገሙት አራት ደረጃዎች ተሟልተው ይታያሉ፤ እነርሱም ግፍ፣ መቅሠፍት፣ የመቅሠፍቱ ትርጓሜና ካሳ ናቸው። በ863 ደግሞ በዛሬዋ ኪዮቶ፣ ሺንሴንኤን በሚባለው የንጉሡ የአትክልት ስፍራ፣ ሳዋራን ጨምሮ በፖለቲካ ክስ የሞቱ ሰዎችን መናፍስት ለማብረድ ይፋዊ ሥርዓት ተፈጸመ። በዕለቱ ሙዚቃና ውዝዋዜ ቀረበ፤ በሮቹም ተከፍተው ተራው ሕዝብ እንዲገባ ተፈቀደለት። መንፈስን ማብረድና ሕዝብን ማዝናናት ገና ከጅምሩ በአንድ አደባባይ ላይ ይገናኙ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሊቁ ሚኒስትር

የዚህ እምነት ዋነኛ ምሳሌ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ነው። በ845 የተወለደው ሚቺዛኔ የቻይና ሥነ ጽሑፍ ሊቅና ባለቅኔ ሲሆን፣ ዘሩ ከኃያሉ የፉጂዋራ ቤት ባይሆንም በ899 የቀኝ ሚኒስትር እስከመሆን ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ፉጂዋራ ኖ ቶኪሂራ በንጉሠ ነገሥት ዳይጎ ፊት ከሰሰው፤ ከሹመቱ ወርዶም ኪዩሹ ወደሚገኘው ወደ ዳዛይፉ ተላከ። በ903 በዚያው በግዞት ሞተ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በሚቺዛኔ ቂም ተተረጎመ። ቶኪሂራ በ909 ገና በጎልማሳነቱ ሞተ። በ923 አልጋ ወራሹ ሲሞት ቤተ መንግሥቱ የሚቺዛኔን ሹመት መለሰ፤ የግዞቱንም ትእዛዝ አቃጠለ። በ930 መብረቅ በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ላይ ወድቆ መኳንንትን ገደለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሦስት ወር ገደማ በኋላ አረፈ። በ947 በኪዮቶ የኪታኖ መቅደስ ለሚቺዛኔ ተሠራ፤ በ993 ደግሞ ከሹመቶች ሁሉ የሚበልጠው የታላቁ ሚኒስትርነት ማዕረግ ተሰጠው።

ዛሬ ሚቺዛኔ ተንጂን በሚባል ስም የትምህርት አምላክ ነው። በፈተና ሰሞን ተማሪዎች ወደ መቅደሶቹ ሄደው ክታብ ይገዛሉ፣ ምኞታቸውን በእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው ይሰቅላሉ። ከመብረቅ ወደ ፈተና የተደረገው ጉዞ የልማዱን ባሕርይ ያሳያል። መንፈሱ ካሳ ሲያገኝ ቁጣው ይበርዳል፤ ቁጣው ሲበርድ ከሰውየው ሕይወት አንድ ጠባይ፣ በሚቺዛኔ ረገድ ሊቅነቱ፣ ተመርጦ ይቀራል፤ ክሱም ቀስ በቀስ ይረሳል። የዘመናዊው ገጸ ባሕርይ ፈጠራ መሠረት ይኸው አንድን ጠባይ የመምረጥ አሠራር ነው።

ዓመፀኛውና መንግሥት

መንፈሱ ከሳሽ በነበረበት ጊዜ ግን ድምፁ የፖለቲካ ክብደት ነበረው። ማሳካዶ በምሥራቅ ጃፓን ከዘመዶቹ ጋር ሲዋጋ የቆየ ጦረኛ ነበር፤ በ939 መገባደጃ ላይ ከመናገሻይቱ በተላኩ አገረ ገዢዎች ላይ ተነሥቶ የአውራጃ ጽሕፈት ቤቶችን ያዘ፣ ራሱንም «አዲሱ ንጉሠ ነገሥት» ብሎ አወጀ። ዓመፁን የሚተርከው ሾሞንኪ የተባለው ዜና መዋዕል እንደሚለው፣ አንዲት የመንፈስ አፈ ቃል ሴት ሐቺማን የተባለው አምላክ ለማሳካዶ ንግሥናን እንደሰጠው ተናገረች፤ የሹመቱንም ደብዳቤ የጻፈው የሚቺዛኔ መንፈስ ነው አለች። በግዞት ከሞተ ገና 36 ዓመት የሆነው ሚኒስትር በዚህ ትረካ ውስጥ በቤተ መንግሥቱ ላይ ለሚነሣ ሰው ምስክር ሆኖ ቆሟል።

ማሳካዶ በ940 መጀመሪያ ላይ በጦርነት ወድቆ ራሱ ተቆርጦ በኪዮቶ ለሕዝብ ታየ። አፈ ታሪኩ ራሱ አካሉን ፍለጋ ወደ ምሥራቅ በረረ ይላል። በ1309 ካንዳ ምዮጂን በተባለው መቅደስ ከሚመለኩት መካከል ሆነ፤ ይህም መቅደስ በኋላ የኤዶ ከተማ፣ የዛሬዋ ቶክዮ፣ ጠባቂ ተደርጎ ተቆጠረ። የሜይጂ መንግሥት ሥልጣኑን በንጉሠ ነገሥቱ ቅድስና ላይ ሲመሠርት ግን የዙፋን ጠላት የነበረ ሰው መመለኩ የማይመች ሆነ፤ በ1874 ማሳካዶ ከዋናው መቅደስ ወጣ። ወደ ቦታው የተመለሰው በ1984 ነው።

በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ሕዝቡ የራሱን ትርጓሜ አልተወም። ከ1923ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የኦቴማቺው ጉብታ ተደልድሎ የገንዘብ ሚኒስቴር ጊዜያዊ ሕንፃ ተሠራበት። በ1926 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃያሚ ሴይጂ ሲሞት፣ ሌሎችም ሠራተኞች ሲሞቱ፣ ነገሩ የማሳካዶ እርግማን ነው ተባለ፤ ሕንፃው ተነሥቶም መንፈሱን የማብረድ ሥርዓት ተፈጸመ። የሳዋራ ዘመን አራት ደረጃዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን የቢሮ ሠራተኞች መካከል እንደገና ታዩ።

ተመሳሳይ ነገር በንጉሠ ነገሥት ሱቶኩ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሱቶኩ በ1156 በተካሄደው የሆጌን ግጭት ተሸንፎ ወደ ሳኑኪ ተጋዘ፤ በ1164 በዚያው ሞተ። በአፈ ታሪኩ መሠረት በእጁ የገለበጣቸውን የቡድሃ መጻሕፍት ቤተ መንግሥቱ አልቀበልም ብሎ ስለመለሰበት በደሙ የእርግማን ቃል ጻፈ፤ ክንፍ ያለው አስፈሪ መንፈስም ሆነ። በሞተ በ704 ዓመቱ፣ በ1868፣ አዲሱ የሜይጂ መንግሥት መልእክተኛ ልኮ የሱቶኩን መንፈስ ወደ ኪዮቶ አስመለሰ፤ የሺራሚኔ መቅደስም ተሠራለት። አገሪቱን ወደ ዘመናዊ ሥርዓት ሊያሸጋግር የተነሣ መንግሥት ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው የጥንት ግዞተኛን ማስታረቅ ነበር። መቅደሱ የተሠራበት ስፍራ ጥንታዊውን የእግር ኳስ ጨዋታ የሚያስተምር ቤተሰብ ይዞታ ስለነበር፣ ዛሬ ስፖርተኞች ለድል የሚጸልዩበት ሆኗል።

ትያትር፣ ኅትመትና ገበያ

በኤዶ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868፣ የመናፍስቱ ታሪክ ከመቅደስና ከቤተ መንግሥት ወጥቶ በከተማ ነዋሪው ገንዘብ ወደሚተዳደር ገበያ ገባ። የሚቺዛኔ ግዞት በ1746 በኦሳካ የአሻንጉሊት ትያትር ሆኖ ቀረበ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ካቡኪ መድረክ ተሻገረ። ኡኤዳ አኪናሪ በ1776 ባሳተመው የመናፍስት ተረኮች መድበል የሱቶኩን መንፈስ ከአንድ ባለቅኔ መነኩሴ ጋር አከራከረ። ሳንቶ ኪዮደን በ1806 የማሳካዶ ልጆች የአባታቸውን ዓላማ ሊያስቀጥሉ ሲሞክሩ የሚያሳይ ልብ ወለድ ጻፈ። ከዚህም ልብ ወለድ በመነሣት ሠዓሊው ኡታጋዋ ኩኒዮሺ በ1840ዎቹ፣ የማሳካዶ ልጅ ናት የምትባለው ጠንቋይ ግዙፍ አጽም ስትጠራ የሚያሳየውን ዝነኛ የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ሠራ። ይህ ምስል ዛሬም በማንጋና በአኒሜ ለሚታዩ ግዙፍ አጽሞች መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ ዘመን ሁለት ነገሮችን ጨመረ። የመጀመሪያው መልክ ነው፤ ቀድሞ በመብረቅና በወረርሽኝ ብቻ የሚታወቀው መንፈስ የታወቀ ፊት፣ ልብስና መሣሪያ አገኘ። ሁለተኛው ተመልካች ነው፤ በመቅደሱ ፊት የሚቆመው ሰው መንፈሱን እንዳይቆጣው ይፈራል፣ በትያትሩ የሚቀመጠው ግን ለፍርሃቱ ከፍሎ የገባ ነው።

ግፍ ያልደረሰበት ሊቅ

ልማዱ ለተበደሉ ሰዎች ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ከ921 እስከ 1005 እንደኖረ የሚነገረው አቤ ኖ ሴይሜይ የቤተ መንግሥት ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የቀን መቁጠሪያን፣ የከዋክብትን እንቅስቃሴና የምልክቶችን ትርጓሜ የሚከታተል ነበር፤ ሴይሜይም በዘመኑ በነበሩ መኳንንት የዕለት ማስታወሻ ውስጥ ዕለት በመምረጥና ሥርዓት በመፈጸም ይጠቀሳል። ከእነዚህ ማስረጃዎች አብዛኞቹ የሚያሳዩት በዕድሜ የገፋ ባለሙያን ነው። ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ የተሰበሰቡት ተረኮች ግን የማይታዩ አገልጋይ መናፍስትን የሚያዝዝ ጠቢብ አደረጉት፤ ኋላ የመጡትም እናቱን ቀበሮ አሏት።

ዘመናዊው ሴይሜይ ከ1986 ጀምሮ በወጡት የዩሜማኩራ ባኩ ልብ ወለዶች ተወለደ ማለት ይቻላል። ከእነርሱ ኦካኖ ሬይኮ ማንጋ ሠሩ፤ በ2001 የወጣው ፊልም ደግሞ ሴይሜይን በባህላዊ ትያትር ተዋናዩ በኖሙራ ማንሳይ ፊት አሳየ። በማስታወሻዎቹ ውስጥ ያለው አዛውንት ዕድሜ የማይነካው መልከ መልካም ሰው ሆነ። የበረዶ ላይ ሸርታቴ ተወዳዳሪው ሃንዩ ዩዙሩ በ2018 የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ወርቅ ሲያገኝ ያቀረበው ትርኢት በዚሁ ፊልም ሙዚቃ የተዘጋጀና «ሴይሜይ» የሚል ስም የተሰጠው ነበር። በሴይሜይ ታሪክ መናፍስቱ ታዛዥ፣ ሰው ደግሞ አዛዥ ነው። ይህ አቀማመጥ ለቀጣዩ ለውጥ አርአያ ሆነ።

ትእዛዝ ተቀባዩ መንፈስ

በ1985 መታተም የጀመረው የአራማታ ሂሮሺ ልብ ወለድ «ተይቶ ሞኖጋታሪ» በሽግግሩ መካከል የቆመ ሥራ ነው። በዚህ ታሪክ ካቶ የሚባል ጠንቋይ የማሳካዶን መንፈስ ቀስቅሶ ቶክዮን ሊያጠፋ ይሞክራል። ሥራው በ1988 ፊልም ሆኗል። የማሳካዶ መንፈስ እዚህ ላይ አሁንም አስፈሪ ነው፤ ነገር ግን ሌላ ሰው ሊጠቀምበት የሚመኘው ኃይል ሆኗል። በ1992 የወጣው «ሺን መጋሚ ተንሴይ» የተሰኘው የቪዲዮ ጨዋታ ደግሞ ማሳካዶን የቶክዮ ጠባቂ አድርጎ በማቅረብ የካንዳ ምዮጂንን እምነት ተከተለ።

ለውጡ ሙሉ ሆኖ የሚታየው በ2004 ታይፕ-ሙን ባወጣው «ፌት/ስቴይ ናይት» ነው። በዚህ ሥራ የዓለም ጀግኖች መናፍስት በጠንቋዮች ተጠርተው እርስ በርስ ይዋጋሉ። የተጠራው ጀግና «አገልጋይ»፣ የጠራው ሰው «ጌታ» ይባላል። ጌታው በእጁ ላይ በታተሙ ሦስት ምልክቶች አገልጋዩን ያለ ፈቃዱ ማዘዝ ይችላል። የመንፈሱ ብርታት በሚዋጋበት አገር ባለው ዝና ይወሰናል። ዝና መንፈስን ያበረታል የሚለው ሐሳብ ከመቅደሶቹ እምነት ሩቅ አይደለም፤ የሚታወስና የሚከበር መንፈስ ኃይል አለው። ተገልብጦ የምናገኘው የሥልጣን ግንኙነቱ ነው። ካንሙ ለሳዋራ መንፈስ ማዕረግ ሰጥቶ ይቅርታ ለመነ፤ የፌት ተጫዋች ግን መንፈሱን ያዝዘዋል። በ2015 በወጣው የስልክ ጨዋታ «ፌት/ግራንድ ኦርደር» ደግሞ ጀግኖቹ በዕጣ ይገኛሉ፤ ዕጣውን ደጋግሞ ለማውጣት የሚፈልግም ገንዘብ ይከፍላል።

ሆኖም ከሳሹ ከነአካቴው አልጠፋም። በፌት ውስጥ አገልጋዮቹ ጥሪውን የሚቀበሉት የራሳቸው ያልተፈጸመ ምኞት ስላላቸው ነው፤ ምኞቱም ብዙ ጊዜ ካለፈ ሕይወታቸው ጸጸት ይነሣል። ቂም ወደ ግል ምኞት ተለወጠ ማለት ነው። መንግሥትን የሚጠይቅ ክስ ሲሆን የነበረው ነገር አሁን በጌታና በአገልጋይ መካከል ያለ የወዳጅነት ጉዳይ ሆኗል። ሳሳኪ ኮጂሮ በዚሁ ሥራ የቀረበበት መንገድም ልብ ሊባል ይገባዋል። ሚያሞቶ ሙሳሺን ገጠመ የሚባለው ይህ ሰይፈኛ በእርግጥ በአፈ ታሪኩ እንደሚነገረው መኖሩ አጠያያቂ ነው፤ ሥራውም በኮጂሮ ስም የተጠራው ስሙ ያልታወቀ ሌላ ሰው እንደሆነ ይተርካል። እንዲህ ያለው አቀራረብ ታሪክና ዝና የማይገጥሙበትን ቦታ ለተመልካቹ ይገልጻል።

በ2015 የወጣው «ቶከን ራንቡ» ሌላ መንገድ ተከተለ። በዚህ ጨዋታ ሰው የሚሆኑት የታወቁ ሰይፎች ናቸው፤ ሐሳቡም መቶ ዓመት የቆየ ዕቃ መንፈስ ያድርበታል ከሚለው ጥንታዊ እምነት ጋር ይዛመዳል። የኦዳ ኖቡናጋ ወይም የሺንሰንጉሚው ምክትል አዛዥ የሂጂካታ ቶሺዞ ሰይፍ የጌታውን ትዝታ ይዞ ይናገራል። የጨዋታው ወዳጆች ሰይፎቹን ለማየት ወደ ሙዚየሞች ጎረፉ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ የጠፋውን ሆታሩማሩ የተባለ ሰይፍ እንደገና ለመሥራት በ2015 በተደረገው የሕዝብ መዋጮም ብዙዎች ተሳተፉ። መንፈሱ እዚህም ታዛዥ ነው፤ ግን ወጣቱን በመስታወት ሣጥን ውስጥ ወዳለው እውነተኛ ቅርስ መርቶታል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘሩት ታሪኮች በጃፓን ሰውን መንፈስ የሚያደርገው ሂደት ከ800 ጀምሮ እስከ ዛሬ አንድ ዓይነት መሣሪያዎችን እንደሚጠቀም ያሳያሉ፤ ስም ይጠራል፣ ማዕረግ ይሰጣል፣ አንድ ጠባይ ይመረጣል፣ ቦታ ይከለላል። የተለወጠው ማን ለማን ይመልሳል የሚለው ነው። በጎርዮ እምነት የሟቹ ክስ ሕያዋንን ያስገድድ ነበር። ማስረጃ በተቃጠለበት፣ ዳኛና ከሳሽ አንድ በሆኑበት ዘመን፣ መንፈሱ ለተበደለ ሰው የቀረ የይግባኝ መንገድ ነበር። በዘመናዊው መዝናኛ ይህ ይግባኝ ሲዳከም የሚጠፋው የታሪክ ዝርዝር ብቻ አይደለም። ሚቺዛኔ ለምን ተጋዘ፣ ማሳካዶ በየትኞቹ አገረ ገዢዎች ላይ ተነሣ የሚሉት ጥያቄዎች አብረው ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ኃይለኛና መልከ መልካም ጀግና ነው።

ስለዚህ አንድን እንዲህ ያለ ሥራ ለመመርመር መጠየቅ ያለበት ከታሪክ ምን ያህል ራቀ የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም፤ በዚህ መለኪያ የ1746ቱ ትያትርም የሾሞንኪው አፈ ቃልም ይወድቃሉ። ይበልጥ የሚጠቅመው ጥያቄ መንፈሱ ገና ክስ አለው ወይ፣ ካለውስ የሚመልስለት ማን ነው የሚለው ነው። ካንዳ ምዮጂን በአሁኑ ጊዜ ከአኒሜ ሥራዎች ጋር በትብብር ይሠራል፤ ለኮምፒውተር ደኅንነት የሚሆን ክታብም ይሸጣል። የኦቴማቺዋ ስፍራም በ2020 እና በ2021 መካከል ታድሳ፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ጎራ የሚሉ ሠራተኞች እጅ የሚነሡባት ሆና ቀጥላለች። አንዱ ማሳካዶ በማያ ገጽ ላይ ሲታዘዝ፣ ሌላው በከተማይቱ እምብርት መሬቱን ይዞ ተቀምጧል። የዘመናዊውን ባህል ጥናት ከእምነትና ከፖለቲካ ታሪክ ጋር አያይዞ ማካሄድ የሚያስፈልገው ሁለቱ አንድ ስም ስላላቸው ነው።